ሐምሌ ሲገባ ልጆቹ የት ይዋሉ?

ሐምሌን እፈራዋለሁ። ዝናቡንና ጭቃውን አይደለም፤ እነሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የምፈራው ሥራዬና ልጆቼ እኩል የሚፈልጉኝ ወር ስለሆነ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በአገራችን የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ስለዚህ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ከወንበሩ አይነሳም፤ የንብረት ቆጠራ አለ፣ ከባንክ ጋር ማመሳከር አለ፣ ኦዲተር ይመጣል፣ ግብር የማሳወቂያው ጊዜም ይደርሳል። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ የወላጆችን ቀን አክብሮ፣ ካርድ ሰጥቶ፣ በሩን ይዘጋል። ልጆቹ ቦርሳቸውን ወርውረው "ተዘጋ!" እያሉ ሲቦርቁ ሳይ እኔም ደስ ይለኛል። ማታ ሲተኙ ግን ቁጭ ብዬ ነገ ማን ጋ እንደሚውሉ አስባለሁ።

ነገሩ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የምትወጣ የምትወርድ እናት ሁሉ ሰኔ ሲገባ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ "የአንቺዎቹ ዘንድሮ የት ሊውሉ ነው?" መልሱ በየቤቱ ይለያያል፤ አያት ጋ፣ አክስት ጋ፣ ሠራተኛ ጋ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ወይም ዝም።

ሒሳቡን እንየው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ክረምቱ ደግሞ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ነው፤ ትምህርት ተጀመረ ተብሎ ልጆቹ እስኪደላደሉ መስከረምንም ይነካል። አዲስ ተቀጣሪ የሆኑ ባልና ሚስት ፈቃዳቸውን ሳይደራርቡ ተራ በተራ ቢወስዱ እንኳ 32 የሥራ ቀን ነው፤ ክረምቱን አይሸፍንም። ዓመቱን ሙሉ አንድም የፈቃድ ቀን አብረው አይወስዱም፤ ለታመመ ልጅ፣ ለልቅሶ፣ ለሴሚስተር ዕረፍት የሚተርፍ ነገርም የለም። ፈቃዱንም ቢሆን ሠራተኛው በፈለገው ቀን አይወስደውም፤ አሠሪው የሥራውን ሁኔታ አይቶ በሚያወጣው ፕሮግራም ነው። እኔ በሐምሌ ፈቃድ ልጠይቅ ብል አለቃዬ ምን ብሎ እንደሚመልስ ሳልጠይቀው አውቀዋለሁ፤ እውነቱንም ነው።

ይህን ስል አንድ ነገር መለየት አለብኝ። የሕዝብ በዓላት ችግር አይደሉም። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ፋሲካ ሲሆን ትምህርት ቤትም መሥሪያ ቤትም አብረው ይዘጋሉ። ዒድ እንኳ ጨረቃ ታየች አልታየች እየተባለ እስከ ዋዜማው ምሽት ድረስ ቀኑ ባይቆረጥም፣ ከተቆረጠ በኋላ የሚዘጋው ለሁሉም ነው። ቤተሰብ የሚቸገረው ትምህርት ቤቱ ለብቻው ሲዘጋ ነው። የመምህራን ስብሰባ ሲኖር፣ የፈተና ሳምንት ልጆች በግማሽ ቀን ሲለቀቁ፣ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ ሌሎቹ ክፍሎች ቤት ዋሉ ሲባል፣ ሴሚስተር ሲዘጋ። እነዚህ ቀኖች በግድግዳው ካሌንደር ላይ ቀይ ሆነው አይታተሙም። ማታ በአራት ሰዓት በቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚመጡት።

ዓምና የሆነውን ልንገራችሁ። ቤታችን የምትሠራው ልጅ ለጥምቀት ወደ አገሯ ሄደች። መሄዷ ተገቢ ነው፤ ዓመት ሙሉ እናቷን አላየችም። የመመለሻ ቀኗን ተነጋግረን፣ ለመንገዷ ሰጥቻት፣ ልጆቹም ለታናናሾቿ ብለው ደብተርና እስክሪብቶ በፌስታል ቋጥረውላት ነው የሸኘናት። ከሴሚስተሩ ዕረፍት በፊት ትደርሳለች ብለን ነበር ያቀድነው። በቀጠሮው ዕለት ስልክ ደወለች፤ እናቷ ታመዋል፣ የሚያስታምማቸው የለም። "እትዬ፣ ትቻቸው ልምጣ?" አለችኝ። ምን እላታለሁ? "እናትሽን አስታሚ" አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ዕቅዴ ሁሉ መፍረሱን አወቅሁ፤ ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ፊልድ ወጥቷል።

ደላላ ጋ ሄድኩ። በአንዲት ጠባብ ክፍል አግዳሚ ላይ ልጃገረዶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ከገጠር በቅርቡ የመጡ ናቸው። ደላላው "ዋስ ያላትን ነው የምትፈልጊው ወይስ ቶሎ የምትገባውን?" አለኝ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጆቼን የማስረክባትን ሰው ነው የምመርጠው፤ የሚቀርብልኝ ምርጫ ግን ስለ ጠባይዋ ሳይሆን ስለ ፍጥነቷ ነው። ከልጃገረዶቹ አንዷን ስንት ዓመቷ እንደሆነ ስጠይቃት ደላላው ቀድሟት "አሥራ ስምንት" አለ። ልጅቷ ቀና ብላ አላየችኝም። የሰው ልጅ ይዤ ገብቼ የራሴን ልጅ ላስጠብቅ አልቻልኩም፤ ባዶ እጄን ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መናገር ግድ ይለኛል። ቅድም የጠቀስኩት አዋጅ ለእኔ የዓመት ዕረፍት፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ ይሰጠኛል። ቤቴ ውስጥ ለምትሠራው ልጅ ግን አይሰጣትም፤ የግል አገልግሎት ሥራ ከአዋጁ ውጭ ነው፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ተብሎ ተተወ። እኔ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ማታ ደመወዝተኛ ሆኜ የምመለሰው እሷ ቤት ስለዋለች ነው። የእኔ ፈቃድ በሕግ ተጽፎ የእሷ በእኔ በጎ ፈቃድ ላይ ቀርቷል። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት እህቶቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ የራሳቸውን ልጅ ለእናታቸው ትተው የሌላ አገር ልጅ ያሳድጋሉ። ልጅ ጥበቃ ከአንዷ ሴት ትከሻ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል፣ መጨረሻ ላይ የምትገኘው ደግሞ ሁልጊዜ ከሁሉም ድሃዋ ናት።

ወደ ዓምናው የካቲት ልመለስ። የሴሚስተሩ ዕረፍት እንደምንም አለፈ፤ ጎረቤት አለ፣ እህት አለች፣ ለሁለቱም እግዜር ይስጥልኝ። ትምህርት እንደተከፈተ ግን ማታ መልእክት መጣ፤ ነገ በግማሽ ቀን ይለቀቃሉ፣ ሰርቪስም የለም። በነጋታው ከሥራ ከስድስት ሰዓት በፊት ለመውጣት አስፈቀድኩ። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሰሞን ነበር፤ እንግዶች ሲያልፉ መንገዱ ይዘጋል፣ ታክሲውም አውቶቡሱም ባለበት ይቆማል። ከሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ ገሰገስኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከኋላዬም ከፊቴም እንደኔ የሚሮጡ እናቶች ነበሩ፤ ማን ወዴት እንደሚሄድ ሳንነጋገር እንተዋወቃለን። ስልክ እደውላለሁ፣ የትምህርት ቤቱ ስልክ አይነሳም። እንዲህ ባለ ሰዓት የእናት ልብ የማያስበው ክፉ ነገር የለም።

ስደርስ ግቢው ጭር ብሏል። ዘበኛው በሩ ሥር ባለችው የቆርቆሮ ቤታቸው ልጆቼን ከጎንና ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው፣ የራሳቸውን ሽሮ ያጎርሷቸዋል። ትንሿ ፊቷ በእንባ ደርቋል፤ ታላቅየው እጇን ይዟታል። "ጋሼ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ?" አልኳቸው። "ምን ታመሰግኚኛለሽ ልጄ፣ የሁላችንም ናቸው" አሉኝ። ቀጠሉናም፣ "ግን አንቺ ብቻ አይደለሽም። ባለፈው አንድ ሕፃን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኔው ጋ ውሏል። አባቱ ከሥራ አልለቀቁትም። ይሄን ነገር አለቆቹ ቢያስቡበት" አሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ ልጅ የመጠበቅ ኃላፊነት በደመወዙ ውስጥ ያልተጻፈለት ሰው እሳቸው ነበሩ፤ ሙሉ በሙሉ የተወጡትም እሳቸው ነበሩ።

ልጆቹን ቤት ወስጄ የምተውለት ሰው ስለሌለ ቢሮ ይዣቸው ገባሁ። የተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል ሣሉ፤ ትንሿ በኋላ ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ነጠላዬ ላይ ተኛች። አለቃዬ አይቶ አልተቆጣኝም፤ ግን "ነገስ?" አለኝ። ነገስ ለሚለው መልስ አልነበረኝም።

መልሱን የነገረችኝ በዕድሜ ታላቄ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ሻይ ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ራሷ አወራችኝ። ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ ባሏ ሞቶ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በር ቆልፋባቸው ነው ሥራ የምትመጣው። ክብሪቱን ደብቃ፣ ቢላዋውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላ፣ የሚበሉትን ቆርሳ አስቀምጣ፣ ታላቅየዋን "ማንም ቢያንኳኳ ዝም በይ" ብላ። "ቀኑን ሙሉ እጄ ይጽፋል፣ ልቤ ግን ቁልፉ ጋ ነው" አለችኝ። ዛሬም በብዙ ቤት እንዲህ ይደረጋል። ፎቅ ላይ በረንዳ አለ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፣ በክረምት ደግሞ ለብርዱ የሚቀጣጠል ከሰል አለ፤ ጭሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ልጁን ቆልፎ የሚሄድ ወላጅ ጨካኝ አይደለም፤ ሌላ በር ያጣ ነው።

ክረምቱ ሲመጣ እናቴ ጋ፣ ደብረ ብርሃን ልልካቸው ወሰንን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅዳሜ ሄጄ ላያቸው እችላለሁ። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም፤ በሶውን አስፈጭታ፣ ቆሎውን ቆልታ፣ ጋቢዎቹን አጥባ ጠበቀቻቸው። ልጆቹም ከአያታቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ እሳት ዳር ተረት መስማት ወደዱ። ግን የደብረ ብርሃን ሐምሌ ቀልድ የለውም፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ትንሿ ሳል ያዛት። እናቴም ጉልበቷን ያማታል፣ የሰፈሩ ልቅሶ አለባት፣ ማኅበሯ አለባት፣ ዕድሮቿ አሉባት። ቅዳሜ ስደርስ ልጆቹን ጉያዋ አድርጋ አቀርቅራ አገኘኋት። "ልጄ፣ ደስታዬ ናቸው፤ ግን ሮጬ አልደርስባቸውም። አንዱ ጉድጓድ ቢገባ ምን እመልስልሻለሁ?" አለችኝ። እናቴ እምቢ ማለት አታውቅም፤ ያን ቀን ያለችው ከአቅሟ በላይ ስለሆነባት ብቻ ነው። አያቶቻችንን እንደማያልቅ ጉልበት ቆጥረናቸዋል። እነሱ እኛን ሲያሳድጉ ሰፈሩ አብሯቸው ነበር፤ ዛሬ የእኛን ልጆች ለብቻቸው ነው የሚቀበሉት።

ሰፈሩ ስል ማለት የፈለግሁትን ልናገር። እኔ ልጅ ሳለሁ ክረምት ባለቤት ነበረው። ጠዋት የኔታ ጋ ፊደል እንቆጥራለን፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ደግሞ ቁርኣን ሊቀሩ ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ የማንም ልጅ የማንም ግቢ ውስጥ ይውላል። ቡሄ ሲደርስ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፣ ለዓመት መለወጫ ሴቶቹ አበባዮሽ ይላሉ፤ ዋዜማውን ሁሉ ሲለማመዱ የሚያያቸው ትልቅ ሰው በየደጁ ነበር። ጥፋት ያየ ይቆጣል፣ የተራበ ያየ ያበላል። ዛሬ የክረምት ትምህርቱ በየአጥቢያውና በየመስጊዱ አሁንም አለ፤ ልጆቻቸውን የሚልኩ ወላጆች ትልቅ እፎይታ ያገኛሉ። ነገር ግን የሁለት ሦስት ሰዓት ነገር ነው። ልጁን የሚያደርሰውና የሚመልሰው ሰው ያስፈልጋል፤ ሠራተኛ ወላጅ ያጣው ደግሞ እሱኑ ሰው ነው።

የዳንነው በመጨረሻ ደረጃችን ላይ ባሉት እናቶች ነው። ከደብረ ብርሃን ስንመለስ አንዷ ጎረቤቴ ሻንጣ ስታግዘኝ፣ "ለምን ሁላችንም ፈቃዳችንን በአንድ ላይ እናባክናለን?" አለች። ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ቀን ቤት አለች። ሌላዋ ልብስ ሰፊ ናት፣ ማሽኗ ቤቷ ነው። ሌላዋ መምህርት ናት፤ በክረምት እሷም ከልጆቿ ጋር ታርፋለች። እኔ ደግሞ ነሐሴ ላይ ሒሳቡ ጋብ ሲል ፈቃድ ማግኘት እችላለሁ። ቡና አፍልተን፣ ወረቀት ላይ ስማችንንና ቀኖቻችንን ጻፍን። እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው በቀን የሚደርስ፣ የሚጣለውም ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ የሆነ። ተረኛዋ ልጆቹን ሁሉ ትቀበላለች፤ ምሳውን ሁላችንም ቋጥረን እንልካለን። ደንቡን አጥብቀን ነው ያወጣነው፦ የታመመ ልጅ አይመጣም፣ በረንዳው ይቆለፋል፣ ተረኛዋ ሳታሳውቅ ልጅ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ አባቶችም ቅዳሜ ተራ አላቸው።

የአባቶቹን ተራ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ያው አዋጅ ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ሲሰጥ ለአባት የሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። እናት ማረፍና ማጥባት አለባትና የእሷ አይነካ። የሦስቱ ቀን ትርጉም ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ይከተለናል፤ ልጅ ሲታመም ከትምህርት ቤት የሚደወለው ለእናት ነው፣ ከሥራ የምትቀረው እናት ናት፣ እድገት ሲመጣ "ብዙ ትቀራለች" የምትባለውም እሷ ናት። ባለቤቴ ከፊልድ ተመልሶ ቅዳሜውን ከሌሎቹ አባቶች ጋር ሲይዝ ልጆቹን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወሰዷቸው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ኪሎ ላይ ልጆች መጽሐፍ ዘርግተው የሚቀመጡበት ሰፊና ንጹሕ ቦታ አለ፤ ከቤት መውጣት ለሌላቸው የፎቅ ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ታላቅየው ማታ ሲመለስ ስለ ፕላኔቶች አውርቶ አልጠገበም።

ነሐሴን እንዲህ ተሻገርነው። ግን ሁሉም ደረጃ ላይ ነርስና ልብስ ሰፊ አይገኝም፤ ተከራይ ሆኖ በየዓመቱ ሰፈር የሚቀይር ሰው ልጁን የሚያምንበት ጎረቤት እስኪያገኝ ዓመቱ ያልቃል። የጎረቤት ፍቅር የሕግንና የተቋምን ቦታ ሊሸፍን አይገባም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ተከፍቶ እናቶች ልጃቸውን በምሳ ሰዓት ወርደው ሲያጠቡ አይቻለሁ፣ የሚያስደስት ነገር ነው። ያ ማቆያ ግን ለጨቅላዎችና ለድክ ድክ ባዮች ነው። የሰባት ዓመቱ ልጅ ትምህርት ቤት እንደሚውል ተቆጥሮ ተረስቷል፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የት እንደሚውል የጠየቀ የለም። በክረምት ደግሞ በየወረዳው ያሉት የትምህርት ቤት ግቢዎች፣ ክፍሎቹ፣ ሜዳዎቹ፣ መጸዳጃዎቹ ሁሉ ባዶ ይቀመጣሉ፤ ሥራ የሚፈልጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚያው ወቅት ቤታቸው ናቸው። ሁለቱን ማገናኘት ከባድ አይደለም።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ትምህርት ቤቶች ሆይ፣ የምትዘጉባቸውንና በግማሽ ቀን የምትለቁባቸውን ቀኖች በመስከረም በወረቀት ስጡን፤ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ደግሞ ልጁ ወላጁ እስኪመጣ ድረስ የሚቆይበት ክፍልና የሚጠብቀው መምህር ይኑር፣ ሸክሙ በዘበኛው ላይ አይውደቅ። አሠሪዎች ሆይ፣ የዓመት ዕረፍት ፕሮግራም ስታወጡ የትምህርት ካሌንደሩን ከጎኑ አስቀምጡት፤ እናቶችን ብቻ ሳይሆን አባቶችንም ጠይቁ። ወረዳዎች የትምህርት ቤቶቹን በር በክረምት ለልጆች ይክፈቱ። የቤት ሠራተኞችን ሥራ የሚገዛው ደንብም ይውጣ፤ የእኛ ዕረፍት የሌላ ሴት ዕረፍት ማጣት መሆን የለበትም። ወላጆችም ሰኔን ሳትጠብቁ አሁኑኑ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ቀኖቻችሁን አብራችሁ ጻፉ።